የጆሮ ፊርማ

ሰኞ ማታ

ዛሬ አለቃችን እኔንና ጋሼን ጠርቶ በሩን ዘጋው። እዚህ መሥሪያ ቤት በር ተዘግቶ ደግ ነገር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። አዲሱ ስልክ ይህ ዝናብ ሳያባራ ሱቅ መግባት አለበት፤ ስለዚህ የድምፅ ሶፍትዌሩ ነገር ይቆረጥ አለ። ቆራጯ ደግሞ እኔ ነኝ።

ነገሩን ልጻፈውና ይቅለለኝ። በስልኩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ውስጥ፣ በአፖቹና በስፒከሩ መሃል ቆሞ የሁሉንም ድምፅ ተቀብሎ፣ ደባልቆ፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚያወጣ አንድ ሶፍትዌር አለ። ጥሪው፣ ዘፈኑ፣ ማንቂያው፣ ሁሉም በሱ በኩል ነው የሚያልፈው። እስከ ዛሬ የሠራንበትን ጋሼ በጉልምስናው ጊዜ በእጁ የጻፈው ነው፤ «አሮጌው» እንለዋለን። እንደ ደህና በሬ ነው፤ አይታመምም፣ አይቸኩልምም። አለመቸኮሉ ነው ጣጣው። ጣት ስክሪኑን ከነካ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፤ ጌም የሚጫወቱ ልጆች ይስቁብናል። «አዲሱ» በነጻ የሚገኝ፣ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች የጻፉት ነው። ፈጣን ነው። ለኛ ርካሽ ቺፕ ይስማማ አይስማማ ግን ማንም አያውቅም።

አዲሱ ከተመረጠ የጋሼ ክፍል ይዘጋል። አለቃችን ይህን ሲናገር ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። «ሁለት የድምፅ ክፍል ምን ይሠራልናል? አንዱ ይበቃል፤ እሱንም አንቺ ትመሪዋለሽ» አለኝ። ጋሼ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሥራውን ያስተማረኝን ሰው ዕድል በእጄ ይዤ ወጣሁ።

የምመርጠው በሥራው ነው። በሥራው ብቻ። የመሪነቱን ነገር አላሰብኩበትም።

ረቡዕ

ሩጫ። ምሳ አልበላሁም። አዲሱ ጥሪ ላይ ጥሩ። ማንቂያ ላይ ጥሩ። ዘፈን እየተዘፈነ ጥሪ ሲገባ አንዴ ተንገጫገጨ፤ ተስተካከለ። ጋሼ ኮሪደር ላይ አለፈኝ፤ ሰላም ብሎኝ ነበር መሰለኝ። ዝም አልኩት ይሆን? በዚህ መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ከንፈሩን ብቻ ማንቀሳቀስ ጀምሯል። የድምፅ ክፍል ውስጥ ሆነው መናገር ሰነፉ!

የድምፅ ክፍሉን የሚመራው ሰው ቢሮ ባለ መስኮት ነው። በዚያ በኩል ሳልፍ እንደ አጋጣሚ አየሁት።

ሐሙስ ማታ

ልጄ ቴሌቪዥኑን ትቀንሳለች፣ እኔ እጨምራለሁ፤ ስትቀንስ ስጨምር አመሸን። «እማዬ፣ ጎረቤት ምን ይለናል?» አለችኝ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ የምትናገረው ሁሉ በጥርሷና በምላሷ መሃል ይቀራል። «ጮክ በዪ» ስላት «እየጮህኩ እኮ ነው» ትላለች። በዚህ ዕድሜ ሁሉም እንዲህ ነው።

ማንቆርቆሪያው አረረ። ሲፈላ ያፏጫል ተብሎ የተሸጠልኝ አዲስ ዕቃ ነበር። ውሃው አልቆ ቂጡ ጠቁሮ አገኘሁት። ልጄ ከክፍሏ ሮጣ ወጥታ «ይህ ሁሉ ፉጨት እያለ አጠገቡ ቆመሽ?» አለችኝ። የሥራ ሐሳብ ነው። ሐሳብ የያዘው ሰው ቤቱ ቢቃጠልም አያውቅ።

ጆሮዬ ጭው ይላል። ሰው ሲያማ ነው ይባላል፤ ይህ ሁሉ ሰው ግን ከኔ ሌላ ሥራ የለውም?

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ከጋሼ ጋር ተጣላን ማለት ይቻላል። እሱስ አይጣላም፤ የሁለታችንንም ጠብ እኔው ብቻዬን ተጣላሁት።

ጠዋት ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ» አለ። «አዲሱ የተጫነበትን ስልክ ቤት ወስጄው ነበር። ባትሪው ሲያንስ ወደ ቁጠባ ይገባል አይደል? ያኔ ያፏጫል። ቀጭን ፉጨት ነው፣ እንደ መርፌ።»

«አንተ ሰማኸው?»

«እኔማ ምን ጆሮ አለኝ! የልጅ ልጄ ናት። ሳቀርብላት ጆሮዋን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ሳርቀው ትለቃለች። ደጋግሜ አየኋት።»

ሳቅሁ። ባልስቅ ይሻል ነበር። «እንግዲህ ሶፍትዌር የምትመርጥልን ገና ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ሆነች?» አልኩት። ሌሎቹም ሳቁ። የድምፅ መለኪያ መሣሪያው ላይ ምንም እንዳልታየ ነገርኩት። «መለኪያው ላይ ስልኩ ከሶኬት ጋር ተሰክቶ ነው የሚለካው፤ ቁጠባ ውስጥ አይገባም» አለኝ። «ደግሞ መለኪያው የሚሰማው የሰው ንግግር እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ቀጭኑን አይነካውም። አንቺ ይጠፋሻል?» አይጠፋኝም። መለኪያውን ለመቀየር ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ አለቃችን ደግሞ በየጠዋቱ «አልቆረጥሽም?» እያለ በራፌ ላይ ይቆማል።

የጆሮ ፊርማ የመጣው ለዚህ ነው። ከመለኪያው ሁሉ በኋላ አንድ ሰው ጸጥተኛው ክፍል ገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በማዳመጫ ሰምቶ «ንጹህ ነው» ወይም «አይደለም» ይላል። እሱ እስኪናገር ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ፊትም አያሳይም። ከተናገረ በኋላ ደግሞ ክርክር የለም። ይህን ሥርዓት ያመጣው ጋሼ ነው፤ ለዓመታት የፈረመውም እሱ ነው። አንድ ቀን ግን ማንም ሳይጠይቀው ሁላችንንም ሰብስቦ «ጆሮዬ አርጅቷል፤ ቀጭኑ ድምፅ አይገባልኝም። ከእንግዲህ እሷ ትፈርም» ብሎ ወንበሩን ለኔ ለቀቀ። ያን ቀን እንደሱ ያከበርኩት ሰው አልነበረም። ዛሬ ያንኑ ቃሉን መልሼ ፊቱ ላይ ወረወርኩት። «ጆሮዬ አርጅቷል ያልከው አንተ ነህ። እኔ ያልሰማሁትን እንዴት ነው የምታውቀው?» አልኩት፣ በሰው ፊት።

ተነሣ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና ሄደ።

እንጀራው ስለሆነ ነው የሚሟገተው፤ ይገባኛል። በሰው ፊት ማለት ግን አልነበረብኝም። ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ሐሙስ

አልጠየቅኩትም። ጊዜ አጣሁ።

መንገድ ስሻገር አንድ መኪና ኋላዬ ቀጥ አለ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ደንቆሮ ነሽ እንዴ ሴትዮ! ጡሩምባው አይሰማሽም?» አለኝ። ባለጌ። ጡሩምባ ነፍቶ እንደሆነማ እሰማ ነበር።

ዓርብ ማታ

ፈረምኩ።

ጸጥተኛው ክፍል ግድግዳው ሁሉ በስፖንጅ የተሸፈነ ነው፤ በሩ ሲዘጋ የሚቀረኝ የራሴ ጆሮ ጭውታ ብቻ ነው። ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሁልጊዜ ከፈራሚው ሌላ ሰው ነው። ጋሼ «ዛሬ የድምፁን ቁልፍ እኔ ልያዝ» አለ። የመለኪያ ክፍሉ ሠራተኛ፣ እኛ ባለ መለኪያዋ የምንላት፣ እንደ ወጉ በሁለተኛው ማዳመጫ ምስክር ሆና ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ስልኩ ጋሼ እንደጠየቀው ባትሪው ተሟጦ ቁጠባ ላይ ነበር። አድልታለች እንዳልባል እሺ ብዬዋለሁ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ዘፈን፣ ጥሪ፣ ማንቂያ፣ ከዚያ ባዶ ጸጥታ። ጸጥታው ረዘመብኝ። አንዴ ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ጋሼ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮት፣ እኔን እኔን ያያል። አሳዘነኝ። ባለ መለኪያዋ ማዳመጫዋን አውልቃ ጆሮዋን ታሻለች፤ ራስ ምታት የያዛት ትመስላለች።

«ንጹህ ነው» አልኩ።

ጋሼ ቁልፉን ቀስ አድርጎ እስከ ታች መለሰው። «እሺ» አለ። ይከራከራል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ መልሱ አፌ ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ

እስከ ምሳ ሰዓት ተኛሁ። ስነሣ መንገዱ ጎርፍ ሆኗል። ጣራችን ቆርቆሮ ነው፤ ልጄ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው እንቅልፍ ነሣኝ» አለች። እኔ ምንም ሳላውቅ። ሕሊናው የሚወቅሰው ሰው እንዲህ አይተኛም። ይህን የጻፍኩት ለማንም መልስ ለመስጠት አይደለም።

ማክሰኞ

የጋሼ የመጨረሻ ሳምንት ነው። ዕቃውን በካርቶን እየሰበሰበ፣ በመሃሉ አዲሱ ላይ ትንሽ ማስተካከያ ሠርቶ ላከልኝ። ስልኩ ቁጠባ ውስጥ ሲገባ ቀጭኑን ድምፅ የምታስቀር አንዲት ማጣሪያ ናት፣ ጥቂት መስመር ኮድ። ያባረረውን ሶፍትዌር ቁጭ ብሎ ሲያክመው! መጀመሪያ አንጀቴን በላኝ። ቆይቶ ግን ነደደኝ። በጓሮ በር ተመልሶ «ተሳስታ ነበር» ሊያሰኘኝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? «የሌለ ችግር ይፈታል» ብዬ ጽፌ ማስተካከያውን መለስኩት፤ ሁሉም ሠራተኛ በሚያየው ቦታ።

ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ደረስኩባቸው። ሲያዩኝ ዝም አሉ። የያዝኩት መጨረሻውን ብቻ ነው፦ «ምን ይደረግ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።» ጋሼን ነው። ምስኪን፣ አገር የሚያወራውን እሱ ብቻ አልሰማም ማለት ነው።

ዓርብ

ጋሼ ሄደ። አለቃችን ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ግማሹን አልያዝኩትም። ጋሼ ሁሉንም በየተራ ሰላም ብሎ እኔ ጋ ሲደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ ቃሉን እየቆረጠ «ጆሮሽን ጠብቂ» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እንዲህ የሚያስጮኸው ምን ነበር? ወሬ አትስሚ ማለቱ ይሆናል።

ወደ ባለ መስኮቱ ቢሮ ገባሁ። ብርሃኑ ጥሩ ነው።

ረቡዕ ማታ

ስልኩ ሱቅ ገብቷል። እስከ ትናንት ምስጋና ብቻ ነበር የሚመጣው፤ «ድምፁ ከጣት እኩል ይደርሳል» እያሉ። ዛሬ ከሽያጭ ክፍል አቤቱታ መጣ። ስልኩን የሚመልሱት ተማሪዎች ናቸው። «ያፏጫል፣ ራስ ያዞራል» ይላሉ። ወላጆቻቸው ደግሞ «ምንም አንሰማም፣ ሌላ ስልክ አምሯቸው ነው» እያሉ ሱቁ ውስጥ ከልጆቻቸው ጋር ይጨቃጨቃሉ።

አለቃችን ከተመለሱት አንዱን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆየና «ይኸው፣ ምን አለ? አንዱ ያለውን ሌላው እየደገመ ነው» አለ። እኔም ተቀብዬ ሰማሁ። ምንም የለም። ተሳሳቅን። ባለ መለኪያዋ አልሳቀችም፤ መሬት መሬት ታያለች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

እሑድ

ለልጄ አዲሱን ስልክ አመጣሁላት። ደስ አላት። አብራው ዋለች። ከሰዓት በኋላ ግን ሶፋው ላይ ጥላው ስትነሣ አየሁ።

«ምነው?» አልኳት።

«ባትሪው ሲያልቅ ጆሮ ያማል፣ እማዬ።»

አነሣሁት። ቀኝ ጆሮዬ ላይ፣ ግራ ጆሮዬ ላይ። «አሁን እያፏጨ ነው?»

«አዎ!» ፊቷ ሎሚ እንደቀመሰ ሰው ተጨማዷል።

ዓይኗን አስጨፈንኳት። ስልኩን ትራስ ስር እከተዋለሁ፣ አወጣዋለሁ፣ እንደገና እከተዋለሁ። «ጠፋ... መጣ... ጠፋ...» ትለኛለች። ደጋገምኩት፣ ላሳስታት ፈልጌ። አንድ ጊዜ እንኳ ብትሳሳትልኝ ምን ነበረበት! አልተሳሳተችም። መጨረሻ ላይ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። «እማዬ፣ አንቺ አይሰማሽም እንዴ?» አለች፣ ቀስ ብላ።

ማንቆርቆሪያው ትዝ አለኝ። ዝናቡ ትዝ አለኝ። ሹፌሩ ትዝ አለኝ።

ሰኞ

ባለ መለኪያዋን ጸጥተኛው ክፍል ወሰድኳት። «ከወፍራም ድምፅ ጀምረሽ እያቀጠንሽ ሂጂ፤ ስሰማ እጄን አነሣለሁ» አልኳት። ዓይኔን ጨፈንኩ። አነሣሁ፣ አነሣሁ፣ አነሣሁ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የሚቀጥለውን ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። የረሳችው መስሎኝ ዓይኔን ስገልጥ እያለቀሰች ነው። ስንቱን አሰምታኝ ጨርሳለች፤ ገና ከመሃል ጀምሮ ነው ያመለጠኝ።

«የፊርማው ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ንጹህ ነው ሲሉ የታመመው የኔ ጆሮ ነው ብዬ ነዋ» አለች። «ደግሞስ ከፊርማ በኋላ ማን ይናገራል?»

ማንም አይናገርም። እኔ ራሴ ስንቱን ሰው በዚሁ ደንብ አፉን አስዘግቻለሁ።

ማክሰኞ ማታ

ዓይኔን በጨው አጥቤ ጋሼ ቤት ሄድኩ።

በሩን የከፈተችው ያቺ የሳቅሁባት የልጅ ልጁ ናት። ጋሼ ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ ወንበሩን አዙሮ፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ፣ ትይዩዬ ተቀመጠ። ለምን እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ። ከንፈሩን ማየት እንድችል ነው። ከዚህ ወዲያ ዳር ዳር ማለት አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ አይሰማኝም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፊርማው ቀን። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ባለ መለኪያዋ መቻል አቅቷት ማዳመጫውን አወለቀች። ያንቺ ፊት ግን የተኛ ሰው ፊት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? እንጀራህን እኮ ነው የቆረጥኩት!»

«ብናገር የሚቆረጠው የማን ነው?» አለ። «እኔ የቀረኝ ሁለት ዓመት ነው። አንቺ የምታሳድጊያት ልጅ አለችሽ፤ ጆሮዋ ሄዷል ከተባለ እዚያ ቤት ማን ያስቀምጥሻል? አዲሱ እንደሆነ መጥፎ አይደለም፤ ይፈጥናል፣ እውነትሽን ነው። ያቺ ፉጨት ብቻ ናት ነውሩ። እሷን በማጣሪያዋ ዘግቼ፣ ያየሁትን ሆድ ይፍጀው ብዬ፣ ማንም ሳያውቅ ልሄድ ነበር።»

«ማስተካከያህን መለስኩት።»

«መለስሽው» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። ልጅቷ መጥታ ጉልበቱ ላይ ወጣችና እንደ ጉድ አየችኝ።

እስከ በር ሸኘኝ። «ሥራ ስትጀምሪ፣ ጉድለት እንዳያመልጥሽ ማዳመጫውን ከፍ አድርጊው እያልኩ ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ» አለኝ። «ይኼንንም አብረሽ ያዢው።» ሰው የበደለውን ሰው እንዲህ ያጽናናል? በዳዩዋ እኔ ነኝ እኮ።

ዓርብ

ትናንት አለቃችን ቢሮ ገብቼ በሩን ራሴ ዘጋሁት። ሁሉንም ነገርኩት። የጋሼ ማስተካከያ በጋሼ ስም እንዲገባ፣ የተሸጡት ስልኮች ሁሉ በኢንተርኔት በሚላክ ዝማኔ እንዲያገኙት ተስማማ። ጋሼን መልሱልኝ ስለው «የተዘጋ ክፍል ነው» አለ፤ ለመንኩት፤ ያንኑ ደገመው። ስለኔ ደግሞ «እናስብበታለን» ብሏል። መልሱን ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ከባለ መስኮቱ ቢሮ ዕቃዬን አውጥቻለሁ።

ዛሬ ፊርማ ነበር። ወንበሩን ለባለ መለኪያዋ ለቀቅሁላትና ቁልፉን እኔ ያዝኩ። ስልኩ ባትሪው ተሟጦ ቁጠባ ላይ ነው፤ ማጣሪያዋ ገብታለች። ቁልፉን ቀስ እያልኩ እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ለኔ መጀመሪያውም መጨረሻውም አንድ ነው። ዓይኗን ጨፍናለች። ግንባሯን አየሁ፣ የዓይኗን ዳር አየሁ፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተጨማደደም። እሰይ አልኩ በልቤ። ያን ቀን ጋሼ ከዚሁ ቦታ ሆኖ፣ በዚሁ ቁልፍ፣ ያልተጨማደደ ፊት ሲያይ ምን እንደሆነ አሰብኩ።

«ንጹህ ነው» አለች። ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት።